የወንድሜ የካርድ ወለድ እስኪቀንስ እንጠብቅ?

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሸዋ በር ነው። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ፒያሳ አካባቢ በኪራይ የያዝኳት የልጆች ልብስ ሱቅ አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ ሥራው ሹፍርና ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤታችንን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እናታችን ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር አዲስ አበባ ለተደረገላት ቀዶ ሕክምና ገንዘቡን የላከው እሱ ነው። ሱቄ ባዶ በቀረበት ጊዜም ዕቃ ሞላልኝ። እስካሁንም በየወሩ 200 ዶላር ይልካል። እናቴ ቡና በተፈላ ቁጥር ለጎረቤት "ልጄን አላህ አላሳጣው፤ ምንም አልጎደለበት" ትላለች።

ባለፈው ወር ሌሊት ደውሎ አለቀሰ። ለሕክምናውና ለሱቁ የላከው ሁሉ ከክሬዲት ካርድ የወጣ ነው። ዛሬ 8,400 ዶላር ዕዳ አለበት፤ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ነው። በየወሩ 252 ዶላር ይከፍላል፤ ዕዳው ግን ንቅንቅ አላለም። "ለእማዬ እንዳትነግሪ፤ ወለድ ውስጥ ገባ ብላ ከምትሰማ ብሞት ይሻለኛል" አለኝ። ደግሞ መንግሥት የካርድ ወለድ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሊያደርግ ነው እየተባለ ስለሆነ፣ ሕጉ እስኪወጣ ካርዱን መክፈል አቁሞ ለእኛ መላኩን እንደሚቀጥል ነገረኝ።

እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ አንድ አበዳሪ እንደሚያውቅ፣ የቤታችንን ካርታ ይዞ በወር 10 በመቶ 300 ሺህ ብር እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ባለቤቴ ሲሰማ "ሪባ (ወለድ) እዚህ ቤት አይገባም" ብሎ ተቆጣ። ቀጥሎም "ወንድምሽ ያለ አቅሙ ነው የላከው፤ እናንተም ያለ ሐሳብ በላችሁ" አለኝ። ይህ ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባ። መንግሥት እንዲህ ያለውን ወለድ እያየ ለምን ዝም ይላል? ሕጉን እንጠብቅ? ካርታውን ላስይዝ? ለእናቴስ ልንገራት?

ሰ. ነኝ፣ ከደሴ

*

አብሽሪ፣ እህቴ። "ያለ ሐሳብ በላችሁ" የሚለው ቃል ለምን እንደከበደሽ ይገባኛል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ወንድምሽ ያለ አቅሙ ልኳል። አንቺ ግን የላከልሽን ስትቀበዪ ዋጋውን አታውቂም ነበር። ዋጋውን የደበቀው እሱ ነው፤ የደበቀውም ስለሚወዳችሁ ነው። ስለዚህ ስላለፈው ራስሽን አትቅጪ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ታውቂያለሽ፤ የምንነጋገረውም ስለሱ ነው።

የሚያስቸኩለውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ካርዱን መክፈል እንዳያቆም ዛሬውኑ ደውይለት። የመክፈያው ቀን ካለፈ የመዘግየት ቅጣት ይጨመርበታል፤ 30 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአሜሪካ የካርድ ሕግ፣ ባንክ አስቀድሞ በተበደርከው ገንዘብ ላይ እንደፈለገ ወለድ እንዳይጨምር ይከለክላል፤ ተበዳሪው 60 ቀን ካሳለፈ ግን ይህ ከለላ ይነሳል፤ ወለዱም ወደ 30 በመቶ ገደማ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ስድስት ወር ሳያዛንፍ ከከፈለ ወደ ቀድሞው ይመለስለታል፤ ስድስት ወር ግን ለሹፌር ረጅም ነው። 180 ቀን ሲሞላ ባንኩ ዕዳውን "የማይሰበሰብ" ብሎ ከመዝገቡ ያወጣዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከመዝገብ ወጣ ማለት ተሰረዘ ማለት አይደለም። ለዕዳ ሰብሳቢ ይሸጣል ወይም ክስ ይመሠረትበታል፤ ምልክቱም በብድር ታሪኩ ላይ ሰባት ዓመት ይቀመጣል። ወንድምሽ መኪናውን በብድር ልቀይር ቢል፣ ቤት ልከራይ ቢል፣ ቀድሞ የሚታየው ያ ታሪክ ነው። ለእናንተ 200 ዶላር ለመላክ ሲል ይህን ያህል መክፈል የለበትም።

ተስፋው ግን ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ትራምፕ በ2024ቱ የምርጫ ዘመቻ የካርድ ወለድን 10 በመቶ ላይ እንደሚያቆሙ ተናግረው ነበር። በ2025 መጀመሪያ በርኒ ሳንደርስና ጆሽ ሃውሊ፣ በብዙ ነገር የማይስማሙ ሁለት ሴናተሮች፣ ይህንኑ ለአምስት ዓመት የሚያጸና ረቂቅ አቀረቡ። በ2026 መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ ለአንድ ዓመት ይሁን ብለው እንደገና ጥሪ አደረጉ። ሦስቱንም ደምሪያቸው፤ አንዱም ሕግ አይደለም። ኮንግረስ ድምፅ ሰጥቶበት እስኪፈረም ድረስ ባንኩ የሚያስከፍለው በውሉ ላይ የተጻፈውን ነው። "ሊወጣ ነው" በተባለ ሕግ የወር ክፍያ ማቆም፣ ዝናቡ መጣ ብሎ የእንስራውን ውኃ መድፋት ነው።

መንግሥት ለምን ዝም ይላል ላልሽው፣ ድሮ ዝም አላለም ነበር። አብዛኛው ግዛት የራሱ የወለድ ጣሪያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንድ ብሔራዊ ባንክ መቀመጫው ያለበት ግዛት የፈቀደለትን ወለድ በሌላ ግዛት ላለ ደንበኛም ማስከፈል ይችላል ሲል ወሰነ። በ1980 ደቡብ ዳኮታ ጣሪያዋን አነሣች፤ ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን ወደዚያ አዛወረ። ደላዌርም በ1981 ተከተለች። ወንድምሽ የባንኩን ፖስታ ገልብጦ ቢያይ፣ የላኪው አድራሻ ሜሪላንድ ሳይሆን የደቡብ ዳኮታዋ ሱ ፎልስ ወይም የደላዌሯ ዊልሚንግተን ቢሆን አይገረም። የሜሪላንድ ሕግ ያንን ፖስታ አይደርስበትም። ጣሪያው በአገር ደረጃ ይሁን የሚባለውም ለዚህ ነው።

እኔ ጣሪያ ይኑር ባይ ነኝ። ጭቅጭቁ ከፍታው ላይ ነው። አሜሪካ ለወታደሮቿና ለቤተሰቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ሕግ 36 በመቶ ጣሪያ አድርጋለች፤ አባላቱ ባለቤት የሆኑባቸው የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች (የቁጠባና ብድር ማኅበራት) ደግሞ በካርድ ላይ ከ18 በመቶ አያልፉም፤ ሆኖም ማበደራቸውን አላቆሙም። ጣሪያው በጣም ሲያንስ የሚሆነውን ጎረቤታችን ኬንያ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ባንኮች ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ ወለድ በላይ አራት ነጥብ ብቻ እንዲጨምሩ ደነገገች፤ ባንኮቹ ለትንሹ ነጋዴ ከማበደር የመንግሥት ሰነድ መግዛትን መረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጉ ተነሣ። አሜሪካም 10 በመቶ ካለች፣ አሁን ያለው ዕዳ ይቀልላል፤ በዚያው ግን ካርዱ ቀድሞ የሚዘጋበት እንደ ወንድምሽ ገቢው ወጣ ገባ የሚል ሰው እንዳይሆን እፈራለሁ።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ፤ ቁጥሩን አብረን እንየው። 24 በመቶ በዓመት ማለት በግርድፉ 2 በመቶ በወር ነው። የ8,400 ሁለት በመቶ 168 ዶላር ነው። ወንድምሽ ከሚከፍለው 252 ውስጥ 168ቱን ወለድ በላው፤ ከዕዳው ላይ የተነሣው 84 ብቻ ነው። "ንቅንቅ አላለም" ያለው እውነቱን ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ባንኩ የሚጠይቀው "ዝቅተኛ ክፍያ" ዕዳው በቀነሰ ቁጥር አብሮ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ የዕዳው አንድ በመቶና የወሩ ወለድ ተደምሮ ነው የሚመጣው፤ የወንድምሽም 252 ልክ በዚህ ስሌት የወጣ ይመስላል። በዚህ መንገድ ከሄደ፣ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምርበት፣ ዕዳው ግማሽ ለመሆን 69 ወር ይፈጅበታል። በእነዚያ ስድስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት በቀሩ ወራት 8,400 ዶላር ወለድ ከፍሎ፣ ገና 4,200 ይቀርበታል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ነገር 252ን አለመቀነስ የሚሆነው። ባንኩ በሚቀጥለው ወር 249 ቢለውም፣ ከዚያም ዝቅ ቢያደርገው፣ እሱ 252 ይክፈል። ይህን ብቻ ቢያደርግ በ56 ወር ጨርሶ ይገላገላል።

ቀጥሎ የምነግርሽ ሊያምምሽ ይችላል። በየወሩ የሚደርሳችሁ 200 ዶላር ከኪሱ የተረፈ ሳይሆን፣ በ24 በመቶ እንደተበደረው የሚቆጠር ገንዘብ ነው። ካርዱ ላይ ቢከፍለው ኖሮ ዕዳውን ያወርድለት ነበር፤ ወደ ደሴ ስለላከው ዕዳው እዚያው ተቀምጦ ወለድ ይወልዳል። ባለቤትሽ ሪባ እዚህ ቤት አይገባም ሲል ልቡ ትክክል ነው፤ ብቻ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በእሱ ጥፋትም አይደለም።

እስቲ ከ200ው 50 ዶላር ለእናታችሁ መድኃኒት ብቻ ይላክ፤ 150ው ካርዱ ላይ ይጨመር። 402 ዶላር በየወሩ ማለት ነው። በዚያው በ24 በመቶ ወለድ፣ ዕዳው በ28 ወር ያልቃል። አሁን የተመኛችሁትን ሕግ አስገቢበት፦ ወለዱ 10 በመቶ ሆነ፣ እሱ ግን 252 መክፈሉን ቀጠለ እንበል። ያኔ 40 ወር ይፈጃል። ያለ ሕጉ፣ እናንተ 150 ዶላር በመተዋችሁ ብቻ፣ ከሕጉ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ። ሁለቱም ቢገናኙ 23 ወር አካባቢ ነው። ሕጉ ከወጣ እሰየው፤ እስከዚያ ግን ትልቁ ውሳኔ ከዋሽንግተን ይልቅ ሸዋ በር ነው ያለው።

ቁጥሩን ከእኔ ብቻ አትቀበዪ። ያው የ2009 ሕግ እያንዳንዱ የካርድ ስቴትመንት (ባንኩ በየወሩ የሚልከው የሒሳብ መግለጫ) ላይ አንዲት ሣጥን እንድትኖር ያስገድዳል። ሣጥኗ ውስጥ ሁለት መስመር አለ። አንደኛው ዝቅተኛውን ብቻ ከከፈልክ በስንት ዓመት ትጨርሳለህ፣ በጠቅላላው ስንት ትከፍላለህ የሚል ነው፤ ሁለተኛው በ36 ወር ለመጨረስ በወር ስንት መክፈል አለብህ የሚል። የወንድምሽ ዕዳ እንዳልሽው ከሆነ ሁለተኛው መስመር 330 ዶላር አካባቢ ይላል። ሣጥኗን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። በጣም የራቀ ቁጥር ካየሽ፣ ዕዳው ወይም ወለዱ ከነገረሽ የተለየ ነው ማለት ነው፤ ምናልባትም ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ ይሆናል። ከካርድ የወጣ ጥሬ ገንዘብ ወለዱ ብዙ ጊዜ ከግዢው ይበልጣል፤ ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፤ በላዩ ላይ የማውጫ ክፍያ አለው። በክሬዲት ካርድ ሐዋላ መላክም ብዙ ባንኮች ዘንድ እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው የሚቆጠረው። የእናታችሁ ሕክምና በዚህ መንገድ ተልኮ እንደሆነ ጠይቂው፤ ከእንግዲህ የሚልከው 50 ዶላር ግን ከባንክ ሒሳቡ ብቻ ይውጣ።

እሱ በበኩሉ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ከካርዱ ጀርባ ያለውን ቁጥር ደውሎ "ችግር ላይ ነኝ፤ ለተቸገሩ ያላችሁ ቅናሽ አለ ወይ?" ብሎ ይጠይቅ። ብዙ ባንኮች ለጥቂት ወራት ወለዱን የሚያወርዱበት አሠራር አላቸው፤ ካልጠየቋቸው አይናገሩም። መደወል ያለበት ክፍያ ሳያሳልፍ ነው። ባንኩ እምቢ ካለው፣ በብሔራዊ የብድር ምክር ፋውንዴሽን (NFCC) ሥር ካሉት ለትርፍ ካልቆሙ የምክር ድርጅቶች አንዱን ያነጋግር። ከባንኮቹ ጋር ተነጋግረው ወለዱን ብዙ ጊዜ ወደ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ያወርዳሉ፤ እሱ በወር አንድ ክፍያ ለእነሱ ይከፍላል፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ካርዱ ይዘጋል፤ አነስተኛ የወር ክፍያም አለው። እየጠበቀው ያለው ጣሪያ በዚህ በኩል ያለ ኮንግረስ ሊመጣለት ይችላል። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየን አባል ከሆነም የግል ብድር ጠይቆ ካርዱን መዝጋት ይችላል፤ ቢበዛ 18 በመቶ ነው። የብድር ነጥቡ ገና ካልተበላሸ፣ ዕዳውን ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ያለ ወለድ ወደሚይዝ አዲስ ካርድ ማዛወርም አለ፤ ለማዛወሪያ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይቆረጣል፤ ጊዜው ሳያልቅ ካልጨረሰ ግን በቀረው ዕዳ ላይ የአዲሱ ካርድ መደበኛ ወለድ ይታሰብበታል። ለሰው ለመላክ ካርድ የለመደ እጅ ላይ ይህ አደገኛ ነው። "መክፈል አቁም፣ እኛ ግማሹን እናሰርዝልሃለን" ብሎ ከሚደውልለት ድርጅት ይራቅ፤ ሥራ ሳይሠሩ አስቀድመው ክፍያ የሚጠይቁትንማ የአሜሪካ ደንብ ራሱ ይከለክላቸዋል።

ወደ አክስትሽ ልጅ ልምጣ። እዚህ ላይ እጅሽን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ፤ አታድርጊው። ሕግ ቢኖር ኖሮ ትያለሽ፤ እኛ ጋ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2479 በግለሰቦች መካከል ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ካለፈ ተበዳሪው የሚከፍለው 9 በመቶ ብቻ ነው። የሰውን ችግር ተጠቅሞ ከሕጋዊው በላይ የሚያበድርን ደግሞ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 712 አራጣ ብሎ ይቀጣዋል። በወር 10 በመቶ በዓመት 120 በመቶ ነው፤ የጣሪያው አሥር እጥፍ። በ300 ሺህ ብር ላይ በየወሩ 30 ሺህ ብር ትከፍያለሽ። በአሥር ወር 300 ሺህ ወለድ ከፍለሽ፣ ዋናው ሳይነካ ይጠብቅሻል። የወንድምሽ ካርድ ከዚህ አጠገብ ሲቆም በግ ነው።

ታዲያ ሕጉ ለምን አያድንም? የአበዳሪውን ወረቀት ስታዪ ይገባሻል። ወረቀቱ ላይ ወለድ የሚል ቃል አታገኚም። 300 ሺህ ተቀብለሽ፣ ውሉ ላይ "480 ሺህ ብር ያለ ወለድ ተበድሬአለሁ" ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ወይም ብድር የሚል ቃል ጭራሽ አይኖርም፤ የቤት ሽያጭ ውል ይሆናል፤ "ስትከፍዪ እቀደዋለሁ" ይልሻል። ከ500 ብር በላይ ብድር በፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ክርክር ሲነሣ የሚናገረው ያ ወረቀት ነው፤ አብሮሽ የነበረው የአክስትሽ ልጅ ምስክርነት ያን ያህል አይረዳሽም። አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ብሩን ብታገኚ በምን መንገድ አሜሪካ ታደርሺዋለሽ? ባንክ ገብተሽ "የወንድሜን የካርድ ዕዳ ልክፈል" ብትዪ ዶላር አይሸጥልሽም። የሚቀርሽ ጥቁር ገበያው ነው፤ በችግር ላይ ወንጀል ትደርቢያለሽ። ካርታውስ በማን ስም ነው? በአባታችሁ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርማሉ፤ እናትሽም ወንድምሽም። የአንቺና የባለቤትሽ ከሆነ ያለ እሱ ፊርማ አይሆንም። በምስጢር የሚሆን ነገር አይደለም።

ስለዚህ የቀረው ያ 150 ዶላር ሲቀር ቤታችሁ እንዴት ይውላል የሚለው ነው። 200ው አሁን ወዴት ወዴት እንደሚሄድ በዝርዝር ጻፊው፤ መድኃኒት፣ የሱቅ ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ አስቤዛ። የሱቅ ኪራይ ከወንድምሽ ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ ሱቋ ራሷን አልቻለችም ማለት ነው፤ እሱ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። እቁብ ካለሽ ዳኛውን አነጋግረሽ እጣሽን ወደ ፊት አስመጪና ከዒድ ወይም ከመስከረም በፊት ዕቃ አስገቢበት፤ የልጆች ልብስ የሚሸጠው ያኔ ነው። ለዕቃ መግዣ ባንክ ካስፈለገሽ፣ ከወለድ ነፃ በሚለው መስኮት ሙራባሃ የሚባለውን ጠይቂ፤ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አስቀድሞ ነግሮ ይሸጥልሻል፤ ባለቤትሽም ሊቀበለው ይችላል። ለዕዳ መክፈያ ግን አይሆንም፤ የሚሸጥ ዕቃ ስለሌለው።

እናትሽ። ወንድምሽ እንዳትነግሪ ብሎሻልና አንቺ አትንገሪያት። እሱ ይንገራት። 150 ዶላር ሲቀር እሷ ማስተዋሏ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የምትጠረጥረው ከእውነቱ የባሰ ይሆናል፤ ታመመ ትላለች፣ ረሳኝ ትላለች። የምትፈሩት ወለድ የሚለውን ቃል ከሆነ ከሱ አይጀምር። "እማዬ፣ የዳሌሽን ጊዜ ተበድሬ ነበር፤ አሁን እየከፈልኩ ነው፤ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል ትንሽ እቀንሳለሁ" ይበላት። ይህ እውነት ነው፤ ምንም አልተደበቀበትም። ወለድ ነበረው ወይ ብላ ከጠየቀች ይመልስላት፤ የሃይማኖቱን ፍርድ ደግሞ የምታምኑት ዓሊም ይናገርበት፤ አንቺም እኔም አንችለውም። ልጇ ለእሷ ሲል ስለተበደረ የምትረግም እናት ትመስልሻለች? አንቺ ነሽ የምታውቂያት። ምናልባት ከገንዘቡ ይልቅ ለብቻው መሸከሙ ይሆናል የሚያሳዝናት።

ከባለቤትሽ ጋር ግን ዛሬ ማታ ተነጋገሪ፤ ከእናትሽ በፊት። ካርታውን እንደማታስይዢ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ያኔ ቁጣው ይበርዳል። ከዚያ የስቴትመንቷን ሣጥን ፎቶ አሳዪውና "በወር 150 ዶላር እንተውለት፤ ከየት እንቀንስ?" ብለሽ ጠይቂው። "ያለ ሐሳብ በላችሁ" ያለ ሰው አብሮ ለማሰብ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ይለዝባል።

ለወንድምሽ የምትደውሉበትን ሰዓት እሱ ከሥራ ወጥቶ ቁጭ በሚልበት አድርጉት፤ እዚያና እዚህ እንደ ወቅቱ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ያለቀሰ ሰው በጠዋት ብርሃን ቢያወራ ይሻለዋል። በደብዳቤሽ የሱቅሽን ኪራይ፣ እቁብ እንዳለሽና ካርታው በማን ስም እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። እነዚህን ሦስቱንና ሣጥኗ ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ላኪልኝ፤ የ28ቱን ወር ዕቅድ መስመር በመስመር አብረን እንሠራዋለን።